ያጠፋው ሰው

በ1924 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ረቡዕ ማለዳ፣ ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወርደው መንገድ የሚጓዙ ባለ አህዮች ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ ካሚዮን አገኙ። የኋላው እንጨት ሁሉ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ፊቱ ግን ጥቀርሻ ከመልበሱ በቀር ደኅና ነበር። በኋላው አመድ ውስጥ የሰው ሬሳ አለ። ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አሳርፏቸዋል፤ ቆዳቸው ተገፏል። ባለ አህዮቹ ውኃ ሲያቀርቡለት፣ ቅሉን መጨበጥ ስላልቻለ አንደኛው ይዞለት ጠጣ።

የሞተው ሆራ የሚባል የካሚዮኑ ረዳት ነው። የተቀመጠው ሾፌሩ ጉተማ ነው። ካሚዮኑ የወይዘሮ ሸዋወርቅ ንብረት ነበር፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ እስከ ቡልቡላ ሸቀጥ በማመላለስ ስሟ የታወቀ ነጋዴ ናት። ማክሰኞ ከዓሥር ሰዓት በኋላ፣ በደረቅ ሣር መካከል የተደረደሩ የላምባ ጣሳዎች ጭኖ ለረቡዕ ገበያ ቡልቡላ እንዲደርስ ወጥቶ ነበር።

ባላምባራስ ገሠሠ ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ በባቡር ሲደርስ ጉዳዩ አልቆ ጠበቀው። የወረዳው ዳኛ መርማሪ ስለ ተላከላቸው በአክብሮት አመሰገኑ፤ ነገር ግን ለድካም ያህል እንጂ የቀረ ሥራ እንደሌለ ነገሩት። ሰውየው በገዛ አፉ አምኗል። ቅዳሜ ረፋድ በሚመጣው ባቡር ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያም ሰውን በእሳት የገደለ ሰው የሚጠብቀው ስቅላት እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ገሠሠ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። የጸሐፊው እጅ ያማረ ነበር። ማክሰኞ ጧት ጉተማና ሆራ በጣቢያው ደጅ ተናንቀው ማየታቸውን ሁለት ምስክሮች ተናግረዋል። ጉተማም «ካንተ ጋር ዛሬ አልሄድም» ሲል ተሰምቷል። ከዚያ በታች አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «ተከሳሹ ምን አደረግህ ተብሎ ተጠይቆ፣ በአስተርጓሚ፣ አጠፋሁ ሲል መለሰ።»

«እጁም ተቃጥሏል» አሉ ዳኛው። «እሳት የጫረ እጅ ነው።»

ገሠሠ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወደ ጸጥታ ሥራ ከመግባቱ በፊት ዘጠኝ ዓመት የስልክ መስመር ጠባቂ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ስለ ሽቦ ብዙ ተማረ፤ ስለ ሰው የተማረው ግን ጥቂት ነው፦ መስመሩ ሲዘጋ ሁሉም ሰው የተበላሸበትን ቦታ ያውቃል፤ ሄዶ ያየ ግን የለም።

ጉተማን በእስር ቤቱ ግቢ፣ በግራር ጥላ ሥር አገኘው። እግሩ በብረት ታስሯል፤ እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። አማርኛው የመንገድ አማርኛ ነው፦ ጫን፣ አውርድ፣ ቁም፣ ሂድ። ስለዚህ ከዘበኞቹ መካከል ፉፋ የሚባለው ሊያስተረጉም ቀረበ። ገሠሠ ገና ሳይጠይቀው ጉተማ ራሱ ተናገረ።

«ለምን ታሰርኩ ይላል» አለ ፉፋ። «አጠፋሁ ብዬ ነግሬያቸው የለም ወይ ይላል።»

ገሠሠ ብዙ የሚያምኑ ሰዎች አይቷል። አምኖ ለምን ታሰርኩ የሚል ሰው ግን አላየም። የሰውየው አእምሮ በድንጋጤ ተነክቶ ይሆናል ብሎ አሰበና ከቀላሉ ነገር ጀመረ፤ ስለ ጠቡ ጠየቀው።

ጠቡ ስለ መብራት ነበር። ካሚዮኑ አሮጌ ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል መብራቱ በተለኮሰ ቁጥር ወዲያው ይሞታል፤ ከመሪው ሥር ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ የምትገባው ባለ ብርጭቆ ፊውዝ ትቃጠላለች። አዲስ ሲያስገቡላት እሷም ትቃጠላለች። ጉተማ ማክሰኞ ጧት ያለ መብራት ወደ አዋሽ አልወርድም አለ። ሆራ ሴት ነህ አለው፤ ተያያዙ። ከቀትር በኋላ ጉተማ ሲመለስ ግን መብራቶቹ ቦግ ብለው ነበር። ካሚዮን የሚያበጀው ኑሬ ሠራው ተባለ። ደስ ብሎት ተሳፈረ።

«ከዚያስ?»

ጉተማ ፊቱን ወደ ግራሩ አዞረ። ፉፋ ዝቅ ባለ ድምፅ አስተረጎመ፦ «ያን አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልናገረውም ይላል። የሆራ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ አለ ይላል።»

ገሠሠ ከእስር ቤቱ ወጥቶ ወደ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቤት ሄደ። ቤቷ ከጣቢያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ነው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ፣ ስትናገር እጇን የማታንቀሳቅስ ሴት ናት። ሐዘኗ የታይታ አልነበረም፤ ዓይኖቿ እንቅልፍ ካዩ ቆይተዋል። ስለ ሁለቱም ሰዎች በመልካም ተናገረች። ሆራ ታዛዥ ነበር፤ ጉተማ ጎበዝ ሾፌር ነው፤ ንዴቱ ግን አይጣል። ስለ መብራቱ ስትጠየቅ፣ የካሚዮኑን ዕቃ የሚያበጀው ኑሬ ስለሆነ እሱ ይጠየቅ አለች።

«ማክሰኞም ኑሬ ነበር የሠራው?»

«ሌላ ማን ይሠራዋል ባላምባራስ?»

ይህን ስትል ከጠረጴዛው ላይ የክብሪት እንጨት አንሥታ፣ ሐሳብ እንደ ያዘው ሰው፣ ጆሮዋን በዝግታ ጠረገች። ከዚያ ምን እያደረገች እንደሆነ ያወቀች መሰለ፤ እንጨቱን አስቀመጠችው። በአንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ነበር፤ በማተቡ ላይ የተንጠለጠለ ምንም ነገር የለም። ገሠሠ ይህን ሁሉ አየ፤ ያየውን ግን በዚያች ሰዓት ነገሬ አላለውም።

ከግቢው በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ጠበቀችው። ደራርቱ እባላለሁ አለችው፤ የሆራ ሚስት። ማልቀስ የጨረሰች ሴት ነበረች። በተሰባበረ ግን በቀጥተኛ አማርኛ፣ ባሏና ጉተማ ስድስት ዓመት ከአንድ ገበታ መብላታቸውን፣ በወር ሁለት ጊዜ መጣላታቸውንና በወር ሁለት ጊዜ መታረቃቸውን ነገረችው።

«አገሩ ሁሉ ጉተማ ገደለው ይለኛል። እኔ አላውቅም። ሳላውቅ ሰው ሲሰቀል ቆሜ ካየሁ ግን ለልጆቼ ምን እላቸዋለሁ?»

ሆራን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው። ጉጠት ሊወስድ ወደ ቤት መጣ። እየሳቀ ነበር። የማይጠፋ መብራት አገኘን አላት። ጉጠቱን ይዞ ሮጠ።

«ኑሬ አብሮት ነበር?»

አላየሁም አለች።

ኑሬ ሱቁ ከጣቢያው አጠገብ ነው። ፋኖስ፣ የልብስ ስፌት መኪናና የጠመንጃ ቃታ ያበጃል፤ ካሚዮን ሲመጣም ካሚዮን። ጺሙን ሂና የነካው፣ ምላሰኛ ሰው ነው። ገሠሠ ማክሰኞ ስለ ሠራው መብራት ሲጠይቀው መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ።

«ማክሰኞ እኔ ቢሾፍቱ ነበርኩ ባላምባራስ። በጧቱ ባቡር ሄድኩ፤ የእኅቴ ልጅ ኒካህ ነበር። ረቡዕ ተመለስኩ። እጄ እዚህ ቀርቶ ከሆነ አላውቅም።»

ገሠሠ ወዲያው ወደ ጣቢያው ተሻግሮ ጠየቀ። ትኬት ቆራጩ ኑሬን በደንብ ያስታውሰዋል፤ በግ ይዞ ልሳፈር ብሎ ተጨቃጭቆ ነበር። በጉ በመጨረሻ ተሳፍሯል። ስለዚህ ጉተማ ኑሬ ሠራው ብሎ ቢያምንም፣ ሸዋወርቅም ብትል፣ ኑሬ አልሠራውም። ጉተማ ዋሽቶ ይሆን? ወይስ ለጉተማ የተዋሸ ነገር ነበረ?

ሲመለስ ኑሬ ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። ሰኞ ዕለት ካሚዮኑን አይቶት እንደነበር ነገረው። በእጁ የነበሩት ሦስት ፊውዞች በየተራ ተቃጠሉ፤ ሌላ ከድሬዳዋ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። አንድ ቦታ ሽቦው ተበልቶ ብረት ይነካል፤ ሁለት ቀን ተዉልኝና መስመሩን ተከትዬ ላግኘው ብሎ ለምኗል። ገበያ አይጠብቅም ተባለ።

«ማን አለህ?»

«እመቤቲቱ። እኔ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ነግሬያቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ከእኔ አብልጠው ይናገራሉ። ይቺ ፊውዝ የምትቃጠለው ለእናንተ ብላ ነው፤ እሷ መቃጠሏን ከተወች ካሚዮኑ ይቃጠላል አልኳቸው።»

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ በበቅሎ ወደ ካሚዮኑ ወረዱ። የአዋሽ ሜዳ ገና ጉም ለብሶ ነበር። ገሠሠ ከጣቢያው የስልክ ቤት የተዋሰውን ደረቅ ባትሪና አንዲት ትንሽ አምፑል በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። በመጀመሪያ ግን ምንም ሳይነካ ዞሮ አየ።

በፊተኛው ወንበር ላይ፣ በወለሉ ላይ፣ በሞተሩ ክዳን ላይ አሸዋ ፈስሷል። ከመንገዱ ዳር መሬቱ ተቧጭሯል፤ ጭረቱ የአካፋ አይደለም፤ ጠባብና ጥልቅ፣ አምስት አምስት ሆኖ የተሰለፈ የጣት ጭረት ነው። ከጭረቱ እስከ ካሚዮኑ የተመላለሰ የባዶ እግር ዱካ አለ። ገሠሠ አጎንብሶ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። እሳት ጭሮ ሰው የገደለ ሰው ይሸሻል፤ ወይም ቆሞ ያያል። በጣቱ መሬት ቧጥጦ አሸዋ አይሸከምም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሽቦው ሄደ። የስልክ መስመር ሲታመም ከዳር እስከ ዳር አይኬድም፤ መሐሉ ይቆረጥና የታመመው ወገን የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል። የመብራቱን ሽቦ ከወንበሩ ሥር ካለው መገጣጠሚያ ፈታው። የባትሪውን አንድ ጫፍ ከካሚዮኑ ብረት ጋር አገናኘ፤ ሌላውን ጫፍ በአምፑሏ በኩል አሳልፎ ወደ ፊት የሚሄደውን ሽቦ ነካ። ጨለማ። ወደ ኋላው መብራት የሚሄደውን ነካ። አምፑሏ በራች፤ ብረት የነካው በዚህ ወገን ነው።

«ባላምባራስ» አለ ኑሬ፣ «ሰው ሲመረመር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሽቦ ሲያምን ግን ዛሬ ነው።»

«ገና አላመነም። የት እንዳለ ነው የነገረን።»

ወደ ኋላ የሚሄደውን እንደገና ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹን እንደገና ለሁለት። በመጨረሻ የኋላው አልጋ ከካሚዮኑ አካል ጋር የሚታሰርበት የብረት ማዕዘን ሥር ደረሱ። እዚያ፣ ዓመታት ሙሉ መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር፣ ብረቱ የሽቦውን ልብስ በልቶ ጨርሷል። መዳቡ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። በላዩ የነበረው ደረቁ ሣር ነው፤ ከሣሩ በላይ ላምባው፤ ከላምባው በላይ ሆራ ተኝቶ ነበር።

ገሠሠ ወደ ፊት ተመልሶ ከመሪው ሥር ተንጋለለ። እሳቱ ወዳልደረሰበት ወደዚያ ጠባብ ቦታ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ይገባሉ። አንደኛው የጥሩምባው ነው፤ የጨርቅ ልብሱ እንደ አዲስ ነው። ሁለተኛው የመብራቱ ነው፤ ልብሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከስሎ ረግፏል። ከውጭ የመጣ እሳት ሁለት ጎረቤቶች አንዱን ለይቶ አያቃጥልም። ሽቦው የነደደው ከውስጡ ነው። እሳቱን የጫረ ሰው የለም፤ እሳቱ በሽቦው ውስጥ ተጉዞ መጣ።

«ታዲያ ፊውዟ?» አለ ኑሬ። «መጀመሪያ እሷ ነበረች መሞት የነበረባት።»

ገሠሠ ትንሿን ሣጥን ከፈታት። በብርጭቆዋ ቦታ፣ በሁለቱ መያዣዎች መካከል፣ አንድ የጠቆረ ነገር ተሰንቅሯል። በመሐረቡ ጠረገው። ብር ነበር፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ የተሸመነ ጥለት የተቀረጸበት ዘንግ። አንደኛው ጫፍ በጉጠት ተቆርጧል። ሌላው ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ማንኪያ አለች።

ኑሬ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ይህ የጆሮ ኩክ ማውጫ ነው። የድሮ የአንኮበር አንጥረኛ ሥራ። እዚህ አገር ከማተብ ጋር በአንገት ነው የሚታሰረው።» አገላብጦ አየውና ጨመረ፦ «ብር ደግሞ መብራትን ከመዳብ አብልጦ ያስተላልፋል። ይሄ መቼም አይቃጠልም ነበር።»

ገሠሠ ብሩን ተቀብሎ በመሐረቡ ጠቀለለው። በዓይነ ሕሊናው የክብሪት እንጨት ታየው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ እንደገና ከጉተማ ፊት ተቀመጠ። ብሩን አሳየው። ጉተማ አላወቀውም። ገሠሠ አሸዋውን፣ የጣቱን ጭረት፣ የባዶ እግሩን ዱካ እንዳየ ነገረው። ፉፋ ሲያስተረጉም ጉተማ በጨርቅ የተጠቀለሉትን እጆቹን አየ።

«ያን ጊዜ ያልከውን ቃል በራስህ ቋንቋ ድገምልኝ» አለው ገሠሠ። «አንተም ፉፋ አታስተርጉም።»

«ዻምሴ» አለ ጉተማ።

ገሠሠ ወደ ፉፋ ዞረ። «ሰው በደል ሠርቶ ሲያምን በእናንተ ቋንቋ ይህንኑ ይላል?»

ፉፋ ጥያቄው ሞኝነት መሰለው። «አይደለም እንጂ ጌታዬ። ያ በሌሴ ነው የሚባለው። ዻምሴ እሳትን ነው፤ ኩራዝን ነው። እሳት አጠፋሁ ነው የሚለው።» ከዚያ የገዛ አፉን የሰማ ይመስል ቆመ። በእጁ አፉን ያዘ። «እኔም ትናንት አጠፋሁ ብዬ ነው የነገርኩዎ።»

«አዎ። እኔም እንደ ዳኛው ሰማሁት።»

በአንድ ቋንቋ ሁለት የሆነው በሌላው አንድ ነው። እሳት ያጠፋውም፣ ሰው ያጠፋውም፣ በአማርኛ አጠፋ ይባላል። ገሠሠ ዕድሜውን ሙሉ የተናገረውን ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ቆሞ ያየው መሰለው። ፉፋ በቅንነት ተሳስቷል፤ የመጀመሪያውም አስተርጓሚ በቅንነት ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ስሙን አልጻፈም።

ጉተማ አሁን ተናገረ፤ ሁለተኛ አልናገረውም ያለውን ተናገረ። መብራቱን ሲለኩስ ደኅና ነበር። ጥቂት እንደሄዱ የጨርቅ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ከኋላው ነደደ። የፊቱ ወንበርም ተያያዘ። ኋላውና ጎኑ ነድዶ ሆራን ለማውረድ የቀረው መንገድ በፊት በኩል ስለነበር መጀመሪያ የፊቱን በአሸዋ አጠፋ። አጥፍቶ ሲወጣ የላምባው ጣሳዎች መፈንዳት ጀምረው ነበር። እጁን አስገባ። የያዘው ጨርቅ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ረቡዕ ዕለት ለዳኛው ተናግሯል፤ ብዙ ቃል ተናግሯል።

«ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ናት ያለችው» አለ ገሠሠ። «ማን ነበር ያስተረጎመልህ?»

ጉተማ በመገረም አየው፤ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ አልገባውም።

«እመቤቴ» አለ፣ በአማርኛ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ባቡሩ ሊመጣ ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ገሠሠ የብሩን ቁራጭ ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ፊት በጠረጴዛው ላይ አኖረው። ፉፋን በሩ ላይ ትቶታል። ሸዋወርቅ አላነሣችውም። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ወደ ሣጥኗ ሄዳ ሌላውን ግማሽ አምጥታ ከጎኑ አስቀመጠችው። ጥለቱ ገጠመ።

«የእናቴ ነበር» አለች። «ሆራ መጣና ትንሽ የብረት ስንጥር ቢገኝ መብራቱ ይሠራል አለኝ። ዙሪያዬን ፈለግሁ፤ አጣሁ። ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁት። ለጉተማ ኑሬ ሠራው በለው ያልኩትም እኔ ነኝ። ኑሬ ካልነካው አይሳፈርም ነበር።»

«ኑሬ ሰኞ ያለዎትን ያስታውሳሉ?»

«ያለኝን አስታውሳለሁ። ለአንድ ምሽት ነው ብዬ አሰብኩ።»

ገሠሠ ስለ ረቡዕ ጠየቃት። የመጀመሪያው የድምፅዋ ለውጥ እዚህ ላይ ነበር።

«ባላምባራስ፣ እኔ አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ዻምሴ አለ፤ አጠፋሁ አልኩ። በአማርኛ ሌላ ምን ይባላል?»

«ሌላ አይባልም። እሱ ግን ብዙ ነገር ተናግሯል።»

«ዳኛው ባጭሩ ምን አደረግሁ ነው የሚለው አሉኝ። ባጭሩ እሱን ነው ያለው። እኔም እሱን አልኩ። ከዚያ ጸሐፊው ቀና ብሎ ዳኛውን አየ፤ ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ምን ብለው እንደ ተረዱት ገባኝ።» እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። «ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ። መስመሯን እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ሲጨርስ ደግሞ፣ አልቋል አልኩ ለራሴ። እሳቱን ማን አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ገሠሠ ሊያስፈራራት አልፈለገም፤ ያለውን ነገር ብቻ በዝርዝር ነገራት። ብሩንና ሽቦውን ለዳኛው ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን የእምነት ቃል አንዴ ከተጻፈ፣ ሽቦና አሸዋ አይፍቁትም፤ ተከሳሹ ራሱ ቢክድም ስቅላት ፈርቶ ነው ይባላል። ያቺን መስመር ማረም የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ያስተረጎመው ነው። ቃሏን ከሰጠች የሆራ ደም ወደ እሷ ይዞራል፤ ዳኛ ይጠይቃታል፤ የሆራ ወገኖችም ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ይጠይቋታል። ካልሰጠች ጉተማ በረፋዱ ባቡር ይሄዳል።

ሸዋወርቅ ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ከዳኛው በፊት የማነጋግረው ሰው አለኝ» አለች።

ደራርቱ ከእስር ቤቱ አጥር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሸዋወርቅ ሌላ ድንጋይ አልፈለገችም፤ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠች። በኦሮምኛ ተናገረች፤ ድምፅዋ አልፈጠነም፤ አልዘገየምም። ፉፋ ከልማዱ የተነሣ ወደ ገሠሠ ጠጋ ብሎ ማስተርጎም ሲጀምር፣ ገሠሠ እጁን አንሥቶ አስቆመው። ከንግግሩ የለየው የሆራን ስምና አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። እንደዚያ ይሻላል ብሎ አሰበ፤ ይህ ንግግር ለእሱ አልነበረም።

ደራርቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀች። ሸዋወርቅ መለሰች። አንድ ጋሪ እያንኳኳ አለፈ፤ አቧራው እስኪበርድ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ገሠሠ ሴትየዋ ትጮኻለች፣ ወይም ትመታታለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ደራርቱ ግን ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች፤ ወደ እሱም ዞራ በአማርኛ ተናገረች።

«ጨርሳለች። ባቡሩ ሳይመጣ ወደ ዳኛው እንሂድ።»

በዚያ ማለዳ በዳኛው ፊት የተባለው ሁሉ ረጅም ነበር፤ ጸሐፊውም አንድም ነገር ባጭሩ አልጻፈም። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቃሏን ሰጥታ ስትጨርስ፣ ዋስ እስክትጠራ ድረስ በጽሕፈት ቤቱ እንድትቆይ ታዘዘ። ፉፋ ደግሞ የጉተማን የእግር ብረት ቁልፍ ይዞ ሮጠ።

አራት ሰዓት ላይ ባቡሩ ጮኾ ሲነሣ ጉተማ ከዳኛው ደጅ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጦ ነበር። ደራርቱ ከጎኑ ተንበርክካ፣ የእጁን አሮጌ ጨርቅ በውኃ እያራሰች፣ ቆዳው አብሮ እንዳይነሣ ጥቂት በጥቂት ትፈታዋለች። ከሁለቱ አንዳቸውም ወደ ባቡሩ ቀና ብለው አላዩም።